በእንጨት የሚነድ የሸክላ እቶን ልንሞላ ነው፦ ምጣዱ የት፣ ጀበናው የት ይቀመጥ?

ሸክላዋ_ቀጨኔ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች።

እናቴ፣ አክስቶቼና እኔ ቀጨኔ ሸክላ እንሠራለን፤ ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስት፣ ገንቦ፣ የአበባ ማስቀመጫም ጭምር። እስካሁን የምንተኩሰው ሜዳ ላይ ነው። ሸክላውን ከምረን በባሕር ዛፍ ቅጠልና በጭራሮ አልብሰን እሳት እንለቅበታለን። የማገዶው ዋጋ አልቀመስ ካለ ቆየ፤ ጭሱ ደግሞ የእናቴን ዓይን እየጎዳው ነው። ስለዚህ ከማኅበራችን ሴቶች ጋር አዋጥተን ክብ የጡብ እቶን አስገነባን። የውስጥ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ ከወለሉ እስከ አፉ 1 ሜትር ግድም ነው። ከታች ማንደጃ አለው፣ ከማንደጃው በላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የጡብ ወለል፤ ሸክላው እዚያ ላይ ይደረደራል። አናቱ ክፍት ነው።

ባዶውን ቀስ እያልን አሙቀን አድርቀነዋል። የቀረን መሙላት ነው። ሜዳ ላይ ሲሆን አደራደሩን እጃችን ያውቀዋል፤ እዚህ ግን እሳቱ የሚመጣው ከታች ብቻ ነው። ምጣድ ተደራርቦ ይተኛ ወይስ በጠርዙ ይቁም? ጀበና ከታች ይሁን ከላይ? ሸክላ ከሸክላ ቢነካካ ችግር አለው? አናቱንስ በምን እንክደነው? የወር ሥራችን በሙሉ ነው የሚገባው፤ የሚያውቅ ሰው ከመሙላታችን በፊት ይምከረን።

---

እቶን_ገንቢ (ሐዋሳ)

ልጄ፣ ሳትሞሉ መጠየቃችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ዕድሜዬን ሴራሚክ ሥራ ላይ ነው የጨረስኩት፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከወለሉ ጀምሪ። ሸክላው ቀዳዳዎቹ ላይ በቀጥታ አይቀመጥ። መጀመሪያ ትልልቅ ገል አንጥፉ፤ ቀዳዳውን ሳይደፍን ነበልባሉን የሚበትን ሁለት ድርብ ያህል ይበቃል። እሳት በአንድ ቀዳዳ ተወርውሮ አንድ ገንቦ ሆድ ላይ ካረፈ ያ ቦታ ከሌላው ገላው ቀድሞ ይግላል፤ የሚሰነጠቀውም በዚያ ነው።

ከገሉ በላይ ወፍራምና ክብደት የሚሸከሙት ይግቡ፤ ገንቦ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ ማድጋ ካላችሁም። አፋቸው ወደ ታች፣ ግን ከሥራቸው ሦስት ቁራጭ ገል ተደርጎ ከፍ ይበሉ። አፉ ወለል ላይ ከተደፋ ውስጡ ያለው እንፋሎት መውጫ ያጣል።

ምጣድ በጠርዙ ይቁም፣ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ እንደሚቆመው። ተኝቶ ቢደራረብ ጠርዙ ሲግል መካከሉ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ጠርዙ ሲለጠጥ መካከሉ አልከተል ይልና ይተረተራል። ከቆመ ግን እሳቱ በሁለቱም ፊቱ እኩል ሽቅብ ያልፋል። በየምጣዱ መካከል የጣት ውፍረት ያላት ገል አስገቡ፣ ትንሽ ዘንበል ብለው ይደጋገፉ፣ አናታቸው ላይ ከባድ ነገር አይጫን።

ጀበና ከላይ። አንገቱ፣ እጀታውና መቅጃ ጡቱ የተለጠፉ ናቸውና ምንም ዓይነት ሸክም በእነሱ ላይ አይረፍ። ሆድ በሆድ ይደገፍ።

መነካካትን በተመለከተ፦ ግሌዝ (እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ልባስ) የሌለው ሸክላ በዚህ ሙቀት አይጣበቅም። ይነካካ። ከእቶኑ ግድግዳ ግን ሦስት ጣት ያህል ራቁ፤ እሳቱ በዳር በዳር መውጫ ያስፈልገዋል።

---

ዱራም_ያለሁት (ሰሜን ካሮላይና)

እህቴ፣ እኔ ያለሁበት ግዛት ሲግሮቭ የሚባል የሸክላ ሠሪዎች አካባቢ አለ። እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እቶን በመሙላት አግዛለሁ። የእነሱ እቶን ከእናንተው ይለያል፤ ረጅምና ዝቅ ያለ፣ ከፊሉ መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ እሳቱ በአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው ጫፍ ባለው ጭስ ማውጫ የሚወጣ ነው። ደርዳሪው በጉልበቱ እየዳኸ ይገባል፤ ከውጭ ያለው ሰው ዕቃ ያቀብለዋል። ከሁሉም በላይ የተማርኩት እሳት በቀለለው መንገድ እንደሚሄድ ነው። ከጣሪያው ሥር ሰፊ ክፍተት ከተዋችሁ ነበልባሉ በዚያ ሽው ብሎ ያልፋል፣ ታች ያለው ሸክላ ጥሬውን ይቀራል። ስለዚህ ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ ሙሉት፤ ባዶ ቦታ አትተዉ።

እዚህ የሚተኩሱት ወደ 1,300 ዲግሪ እያደረሱ ነው። በዚያ ሙቀት የእንጨቱ አመድ በእሳቱ እየተነዳ መጥቶ ሸክላው ላይ ያርፍና ቀልጦ ራሱ ግሌዝ ይሆናል። ሥሩ እንዳይጣበቅ በእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ከካኦሊን (ነጭ የሸክላ አፈር) እና ከአሉሚና (ሙቀት የማያቀልጠው ነጭ ዱቄት) እኩል የተለወሰ ትንንሽ ድብልብል ይለጠፋል፤ ዋዲንግ ይሉታል። እናንተ አያስፈልጋችሁም። ይህን የማነሣው ግን በምክንያት ነው፤ ቪዲዮ ያየ ሰው መጥቶ «እኛም 1,300 እናድርሰው» ቢላችሁ እሺ እንዳትሉ። የአገራችን ቀይ ሸክላ ብረት ይበዛበታል፤ እንዲህ ያለው አፈር አብዛኛው ገና 1,100 ላይ ማበጥና መጉበጥ ይጀምራል። እቶኑ ውስጥ ቀልጦ ወለላችሁ ላይ ይጋገራል።

---

ጉልቻና_ከሰል (ደብረ ብርሃን)

ልጄ፣ እኔ ሸክላ አልሠራም፣ እነግዳለሁ። ከሠሪዎች ተቀብዬ ገበያ አወጣለሁ። ሥራችሁን አከብራለሁ፣ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። በእቶን ተተኮሰ የተባለ ጀበና ተቀብዬ አውቃለሁ፤ ሲያዩት ያምራል፣ ሲያንኳኩት እንደ ደወል ይጮኻል። ደንበኞቼ ወስደው ከሰል ላይ ሲጥዱት ግን ቷ እያለ ይሰነጠቃል። ሜዳ ላይ የተተኮሰው ዓመታት እሳት ላይ ይውላል። ያ ዕውቀት ከእናት ወደ ልጅ የወረደ ነው። ሸክላ ሠሪን ሲንቅ በኖረ አገር፣ እነዚያ ሴቶች ያለ መጽሐፍ እዚህ ያደረሱትን ነገር በጡብ ቤት አታጥፉት።

---

እቶን_ገንቢ (ሐዋሳ)

እትዬ፣ ያሉት ትክክል ነው፤ ምክንያቱም አለው።

ሸክላ ብዙ በተተኮሰ ቁጥር ይጠነክራል፣ ቀዳዳው ይደፈናል። ጥንካሬው ውኃ ለመያዝ ጥሩ ነው፤ ለድንገተኛ ሙቀት ግን አይመችም። ዝቅ ባለ ሙቀት የተተኮሰ ሸክላ ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላበት ነው፤ ስንጥቅ ሲጀምር ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ይቆማል እንጂ እስከ ዳር አይሮጥም። ጭቃው ላይ የሚጨመረው የተፈጨ ገልም ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የጡብ ቤቱ አይደለም፤ ከልክ በላይ መተኮሱ ነው። ሜዳ ላይ ሙቀቱ በራሱ ይገደባል፣ እቶን ውስጥ ግን እንጨት በጨመርሽ ቁጥር ይወጣል።

ሌላም አለ። አፈራችሁ ውስጥ የኖራ ጠጠር ካለ ከ800 ዲግሪ አካባቢ በላይ ሲተኮስ ጠጠሩ ወደ ጥሬ ኖራ ይለወጣል። ሸክላው ሲወጣ ምንም የለበትም። ከቀናት በኋላ ኖራው ከአየር እርጥበት ስቦ ያብጥና ገላው ላይ እየፈነዳ እንደ ኩፍኝ ይቦጫጭቀዋል። ሜዳ ላይ ሙቀቱ እዚያ ስለማይቆይ ይህን ጣጣ ላታውቁት ትችላላችሁ። ጭቃውን ከማቡካታችሁ በፊት በደቃቅ ወንፊት አሳልፉት።

እንግዲህ አደራደሩ ከዚህ ጋር ይገጣጠም። እሳቱ ከታች በሚመጣበት እቶን ታችኛውና ላይኛው ድርድር የ100 ዲግሪ ልዩነት ቢኖረው አይገርምም። ታች፣ ብዙ በሚግለው ቦታ፣ እሳት ላይ የማይጣድ ዕቃ ይግባ፤ የአበባ ማስቀመጫ፣ ገንቦ። መካከሉ ላይ ምጣድና ድስት። ከላይ ጀበና። ለሚጣዱት ከ700 እስከ 800 ባለው ውስጥ ከቆያችሁ እትዬ የሚሉትን ጀበና ታገኛላችሁ። ልጄ፣ ክብደትን ብቻ አይተሽ አትደርድሪ፤ ዕቃው ቤት ሲገባ ምን ሊሠራ እንደሆነ አስቢ።

---

መካኒካል_ነኝ (አዲስ አበባ)

ዱራም ያለኸው ወንድሜ «ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ ሙሉት» ያልከው ላይ ተቃውሞ አለኝ። ያንተ እቶን ያለው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። ቀጨኔ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚይዘው ኦክስጂን ባሕር ዳር ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ያው እንጨት ተቃጥሎ ያው ሙቀት እንዲወጣ ብዙ አየር ማለፍ አለበት። ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳ የጭስ ማውጫና የቀዳዳ ልክ እዚህ ሲመጣ የሚታፈነው ለዚህ ነው። አጥብቀው ከሞሉት እሳቱ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ማገዶው ጥቁር ጭስ እየሆነ ይባክናል፣ ሙቀቱ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ላላ ይበል። በየድርድሩ እጅ ሊያልፍ የሚችልበት ክፍተት ይኑር፣ ክፍተቶቹ ግን ከታች እስከ ላይ ቀጥ ብለው አይግጠሙ፤ የላይኛው ዕቃ የታችኛውን ክፍተት ይሸፍን፣ እሳቱ ዞር ዞር እያለ ይውጣ።

ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው። «ውኃው እስኪያልቅ ከ100 በታች ቆዩ» የሚል ምክር ስታነቡ ለእናንተ ከ90 በታች ነው። ጭቃው ውስጥ ያለው ውኃ ድንገት ከፈላ ዕቃውን ያፈነዳዋል፤ አንዱ ሲፈነዳ ደግሞ ስባሪው ጎረቤቶቹን ይመታል። ከሞላችሁ በኋላ መጀመሪያ እሳቱን ማንደጃው ውስጥ ሳይሆን የማንደጃው አፍ ላይ፣ ደጅ አንድዱት፤ ሙቀቱ ብቻ ይግባ። አናቱ ላይ ቀዝቃዛ ብረት ወይም መስታወት ይዛችሁ እዩ። ጉም ከያዘ ውኃው አላለቀም።

---

ዱራም_ያለሁት (ሰሜን ካሮላይና)

ልክ ነህ፣ ከፍታውን አላሰብኩትም ነበር። የተናገርኩት ለጎን እሳት እቶን ነው፤ ሽቅብ ለሚነደው የአንተ ይሻላል። ክፍተቶቹ ቀጥ ብለው አይግጠሙ ያልከው ግን እዚህም የሚጠበቅ ሕግ ነው።

አናቱን ስለመክደን ማንም አልመለሰላትም። ገል ነው። ሁለት ሦስት ድርብ፣ ጠርዝ በጠርዝ እየተደራረበ ይሸፈናል፤ ሙሉ በሙሉ አይደፈንም። ጥቅሙ ሙቀቱን ማቆየት ብቻ አይደለም። በአንድ በኩል ያለው ሸክላ ከቀላ በሌላው በኩል ያለው ግን ከጠቆረ፣ በጠቆረው በኩል ያለውን ገል በረጅም ብረት ትንሽ ገለጥ አድርጉት፣ በቀላው በኩል ጨምሩበት። እሳቱ ወደ ተከፈተው ይዞራል።

---

የወለቃ_የልጅ_ልጅ (ቤር ሼቫ)

ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ከጎንደር፣ ከወለቃ ናት። በግንቦት 1983 በሰሎሞን ዘመቻ ከእናቴ ጋር ወደ እስራኤል መጣች። ጥያቄሽን ሳነብላት ምጣድ በጠርዙ ይቁም የተባለውን ስትሰማ «ይህንማ ማን ያጣዋል» አለች። በሜዳም እነሱ አቁመው አደጋግፈው ነበር የሚተኩሱት።

የምትለውን ልጻፍላችሁ። እሳት ሰበረው የሚባለው አብዛኛው ዕቃ ወደ እሳት ሳይገባ ቀድሞ የተሰበረ ነው ትላለች። ከመሙላታችሁ በፊት እያንዳንዱን በእጃችሁ አንሡት፣ በጣት ጥፍር አንኳኩት። ድምፁ ጥርት ካለ ይግባ፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ወይ አልደረቀም ወይ ውስጡ ስንጥቅ አለ። ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት፣ ከቀዘቀዛችሁ ውኃ አለበት። የጀበናው እጀታ ሥር ላይ በጥንቃቄ ያልተጠፈጠፈ ጭቃ ካለ መጀመሪያ የሚለቅቀው እዚያ ነው። ጠዋት ፀሐይ ላይ ይሙቁ፣ ትኩስ እንደሆኑ ይግቡ።

ትንንሽ ቅርጾችንም፣ ሰውና አንበሳ፣ ትልልቅ ዕቃ ሆድ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር፤ ቦታ አይፈጁም፣ ነበልባልም አይነካቸውም። ድፍን ሆነው ወፍራም ከሆኑ ግን ይፈነዳሉ፤ ውስጣቸው ይፈልፈል፣ መተንፈሻ ቀዳዳም ይኑራቸው።

አያቴ በስም ትጠራ የነበረው በሙያዋ አልነበረም፣ በስድብ ነበር። አሁን ሰው ከሩቅ አገር ሆኖ ስለ ሥራዋ ሲጠይቅ ስሰማ እኔ ነኝ የማለቅሰው።

---

ሸክላዋ_ቀጨኔ (አዲስ አበባ)

የኔ እህት፣ ለአያትሽ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። እኛም ቤት ያን ስድብ እናውቀዋለን።

እናቴ ሁሉንም አስነብባኝ አንድ ጥያቄ ቀራት። ጀበና ገዢ ጥቁር ነው የሚፈልገው። ሜዳ ላይ ጀበናው ገና እንደጋለ በእንጨት እያወጣን ገለባና ቅጠል ላይ እንጥለዋለን፤ ጭሱን ጠጥቶ ይጠቁራል። ከእቶን ውስጥ ግን እንደጋለ እንዴት ይወጣል? አናቱን ብንከፍተው ሌላው አይደነግጥም?

---

ጉልቻና_ከሰል (ደብረ ብርሃን)

ጥሩ ጠየቀች እናትሽ። ጥቁር ካልሆነ እኔም አልገዛም።

---

ዱራም_ያለሁት (ሰሜን ካሮላይና)

አናቱን አትክፈቱት፤ ቀዝቃዛ አየር ሲወርድ ምጣዱ ይሄድባችኋል። ሌላ መንገድ አለ። የተሰነጠቀ ጋን ወይም ትልቅ ማድጋ አላችሁ? ጀበናዎቹን ውስጡ ደርድሩ፣ በመካከላቸው ደረቅ የእንጨት ብናኝ ወይም የተከተፈ ገለባ ሙሉ፣ በገል ክደኑት፣ የአፉን ዙሪያና ስንጥቁን በጭቃ ምረጉት። ጋኑን እንዳለ እቶን ውስጥ አስገቡት። እቶኑ ሲግል ውስጥ ያለው ብናኝ አየር ስለሌለው አይነድም፣ ይከስላል፤ ካርቦኑ ጀበናው ውስጥ ይገባል። አየር ካስገባ ግን ካርቦኑ ተቃጥሎ ይጠፋና ቡራቡሬ ይሆናል። ስለዚህ ጭቃው ላይ አትሰስቱ፣ ጋኑንም ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱት። የጋኑ ወፍራም ገላ ሙቀት የሚያስገባው ዘግይቶ ነው፤ ሙቀቱ ከላዩ ትንሽ ከፍ ወደሚልበት፣ ወደ መካከሉ ይቀመጥ።

---

ሸክላዋ_ቀጨኔ (አዲስ አበባ)

የተሰነጠቀ ጋን ሞልቶናል! አክስቴ ዛሬውኑ እያጠበችው ነው።

እንግዲህ ከማኅበሩ ጋር ተነጋግረን የወሰንነው፦ ከታች ገል፣ ከዚያ የአበባ ማስቀመጫና ገንቦ፣ መካከል ላይ ጋኑን አቁመን ምጣዶቹን በዙሪያው በጠርዛቸው፣ ከላይ ድስትና ጥቁር የማይሆኑትን ጀበናዎች። ሁለት ኩንታል ያህል በቀጭኑ የተፈለጠ ደረቅ ባሕር ዛፍ አዘጋጅተናል። ሙቀት መለኪያ የሚያበድረን ሰው አለ፣ ሽቦው ረጅም ነው። የት እናስገባው?

---

እቶን_ገንቢ (ሐዋሳ)

ግድግዳው ላይ በመካከለኛው ድርድር ከፍታ ቀዳዳ ብሱለት። ጫፉ ከጡቡ አልፎ ወደ ውስጥ ይዝለቅ፣ ሸክላ ግን አይንካ። ምጣዶቹን ስትደረድሩ ቦታውን ተዉለት፤ ብዙ ሰው ከሞላ በኋላ ነው የሚያስታውሰው።

በመለኪያው ብቻ አትመኑ። ከራሱ ከጭቃችሁ ቀለበቶች ሠርታችሁ፣ በብረት መንጠቆ ልትስቡት በምትችሉበት ቦታ ላይኛው ድርድር ላይ አስቀምጡ። ሰዓቱ ደርሷል ስትሉ አንዱን አውጥታችሁ አቀዝቅዙና ስበሩት። መካከሉ ጥቁር ከሆነ አልበሰለም፣ ቀጥሉ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም ከሆነ አቁሙ።

ወደ 573 ዲግሪ ስትደርሱ፣ ስትወጡም ስትወርዱም፣ አትቸኩሉ። ጭቃው ውስጥ ያለው አሸዋ እዚያ ላይ በድንገት መጠኑን ይለውጣል። እሳቱን ስትጨርሱ የማንደጃውን አፍ ወዲያው በጡብና በጭቃ ዝጉት፤ ከታች የሚገባ ቀዝቃዛ ንፋስ ከሁሉ በፊት የሚያገኘው ገንቦዎቹን ነው። በማግሥቱ አናቱ ላይ እጅ አድርጋችሁ መታገሥ ስትችሉ ገሉን ከዳር ጀምራችሁ አንሡ።

ሁለት ኩንታል መብቃቱ ደግሞ ያጠራጥረኛል። ለመጀመሪያው እሳት ጡቡ ራሱ ብዙ ሙቀት ይጠጣልና የእሱን ግማሽ ያህል ተጨማሪ አጠገባችሁ ይኑር። መካከል ላይ ማገዶ ከሚያልቅ ቢተርፍ ይሻላል።

---

ጉልቻና_ከሰል (ደብረ ብርሃን)

ልጄ፣ አንድ ነገር ለእኔ አድርጊልኝ። ከታችኛው፣ ከመካከለኛውና ከላይኛው ድርድር አንዳንድ ጀበና ለይታችሁ አስቀምጡልኝ። ዋጋቸውን እከፍላለሁ። ሦስቱንም እኩል ከሰል ላይ ጥጄ ቀዝቃዛ ውኃ እጨምርባቸዋለሁ፤ የቻለውን እነግራችኋለሁ።

---

ሸክላዋ_ቀጨኔ (አዲስ አበባ)

እሺ እትዬ፣ ታች ጀበና ባናስብም ለእርስዎ አንድ እንጨምራለን። እቶን ሳይገቡ ሥራቸው ላይ በጥፍር ምልክት እናደርግባቸዋለን፦ ለታቹ አንድ መስመር፣ ለመካከሉ ሁለት፣ ለላዩ ሦስት። ቅዳሜ ጠዋት እንጀምራለን፤ ቀጨኔ አካባቢ ያለና ማየት የሚፈልግ ሰው በውስጥ መልእክት ይጻፍልኝ፣ ምጣድ የሚያቀብል እጅ ያስፈልገናል።